ከአውራሪሷ ጋር ራዲዮ ይዘጋል

ቅርጫቱን ያነሳው ሌላ ሰው ነበር።

ሹፌሯ የቅርጫት መሸጫውን ዳስ ምሰሶ ተደግፋ፣ የመኪና ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች አየችው። ጠርዙ ቀይ የሆነው ቅርጫት ከሌሎቹ ኋላ፣ እሷ ራሷ ባስቀመጠችበት ቦታ ነበር። ሰውየው ወደ ሌሎቹ ቅርጫቶች ዞር ብሎ እንኳ አላየም። አነሳው። ከፈለ። ወጣ።

ዋጋ አልተከራከረም።

በዚህ ዳስ ውስጥ ዋጋ የማይከራከረው ቱሪስት ብቻ ነው። ይኼ ደግሞ ቱሪስት አልነበረም። ቡትስ ጫማው አዲስ ነው፤ አረማመዱ የወታደር ነው። ዓይኑ ቅርጫት ከሚሠሩት ሴቶች በአንዷ ላይ እንኳ አላረፈም።

እንደ ወትሮው ቢሆን የሚመጣው ሽንኩርት ነጋዴው ነበር፤ ሆዱ የወጣ፣ ሲስቅ ሳል የሚቀድመው፣ ሴቶቹን ሁሉ «ሙሽሪት» እያለ የሚጠራ ሰው። ቅርጫቱን ሽንኩርቱ ላይ ጣል አድርጎ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይሄዳል። ሲመሻሽ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ነገር አለቃዋ እጅ ይገባል። ለወራት የሠሩት እንዲህ ነው። መልእክተኛ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይነገራል።

ማንም አልነገራትም።

ከቅርጫቱ ታች፣ በስፌቱ መሀል፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ተሰክታለች። ካርዷ ላይ የተቀዳው የሹፌሯ የገዛ ድምፅ ነው።

ውጭ ሞተር ብስክሌት ተነሳ።

«ጎብኚዎች!» ብላ አጨበጨበች። «ወደ መኪና! አንበሳ ታይቷል!»

ጎብኚዎቹ ተራወጡ። ጡረታ የወጡ ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ከእነሱም ጋር የጓዳ ቧንቧ የሚያክል ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ አለ። የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ግማሽ የተሠራ ቅርጫት እንደያዘች ከዳሱ ወጣች።

«ምን ነካሽ እህቴ? ገና ምንም አልገዙም እኮ! አንበሳው ይጠብቃል፤ የማይጠብቀው የኛ ገበያ ነው።»

«መልሼ አመጣቸዋለሁ።»

«ደግሞ ቀስ ብለሽ ንጂው! መኪና ነው እንጂ ባል አይደለም፤ ምን በወጣው ታንገላቺዋለሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሹፌሯም እየሳቀች መሪውን ጨበጠች።

ሹፌር አይደለችም። መንዳቱን ትችላለች፤ ቀጭኔ ሲመጣ «ቀጭኔ» ማለቱንም ተምራለች። የስለላ መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት ማንኪያ በሚል ስም ነው። አለቃዋ ክዳን ይባላል። ለመሥሪያ ቤቱ የምስጢር ስም የሚያወጣው ሰው ምሳውን ሳይበላ የሚውል ሳይሆን አይቀርም።

የተላከችበት ጉዳይ ቀላል ነበር፤ በወሬ ደረጃ። በዚህ ፓርክ አውራሪሶች እየተገደሉ ቀንዳቸው ይወሰዳል። ጠባቂዎቹ ቦታ ባዛወሯቸው ቁጥር ገዳዮቹም ተከትለው ይዛወራሉ። አንድ ሰው እያወራ ነው ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ያን ሰው «ምላስ» አለው። ማንኪያ ጠዋት መንደር፣ እኩለ ቀን ከጠባቂዎች ጋር የእግር ጉዞ፣ ከሰዓት ዝሆንና አንበሳ የሚያስጎበኝ ድርጅት ውስጥ በሹፌርነት ገባች። ጎብኚው አውሬውንም፣ ጥበቃውንም፣ ድሃውንም በአንድ ክፍያ አይቶ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ምላሱን ትፈልጋለች።

አሁን በፓርኩ ውስጥ የቀሩት አንዲት እናትና ግልገሏ ብቻ ናቸው። ከእነሱም ጋር ቀን ከሌት በእግራቸው የሚዞሩ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ አሉ። የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ አባት ናቸው። ሰው ሁሉ አባ ዝም ይላቸዋል፤ አውራሪሷ አጠገብ የሚያስነጥስን ሰው እንኳ በጣታቸው ዝም ስለሚያሰኙ። ገዳዮቹ አውራሪሷን ካገኙ በመጀመሪያ የሚያገኙት እሳቸውን ነው። ማንኪያ ይህን ታውቃለች። ማታ ጋደም ስትል እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነበር።

ሞተር ብስክሌቱ አቧራውን እያስነሳ ወደ ፓርኩ ታጠፈ። ተከተለችው።

«አንበሳው የት አለ?» ብሎ ጮኸ ባለካሜራው።

«ከፊታችን!»

እህትማማቾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ታላቂቱ «ኧረ አንጀቴን!» ትላለች፤ ታናሺቱ ደግሞ «አንቺ ነሽ ሳፋሪ ያልሽ» ትላታለች። ሹፌሯ በመስታወቱ አየቻቸውና ቀናችባቸው።

ባለቡትሱ መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ በምንጩ አጠገብ በሚያልፈው አቋራጭ ገባ። እኩለ ቀን ላይ መኪና በዚያ እንዳያልፍ ተከልክሏል። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ጠባቂዎቹ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን በዚያ ሰዓት ታዳምጥ የነበረው ማን እንደሚናገር እንጂ ምን እንደሚናገር አልነበረም። ነዳጁን ረገጠችው። ምንጩን በግራ ትታ፣ ድንጋዩን እያንኳኳች፣ ሞተሯን እያስጮኸች አለፈች።

ከፓርኩ ጫፍ፣ ኮረብታው ላይ ቆመች። ቁልቁል ካለው መንገድ ዳር ነጭ ፒካፕ መኪና ቆሟል። ሞተር ብስክሌቱ አጠገቡ ነው።

«ካሜራዎን አንዴ ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«ለአንበሳው።»

ሰውየው እየከበደው ሰጣት። በሌንሱ ውስጥ ፒካፑ ቀረበ። መሪውን የያዘውን ሰው ወዲያው አወቀችው። መሥሪያ ቤት፣ የክዳን ቢሮ ግድግዳ ላይ ፎቶው ተለጥፏል። ጓንት ይሉታል፤ በሙቀትም ቢሆን ከቀኝ እጁ ጓንት አይለይም። ቀንዱን ከገዳዮቹ ተቀብሎ ድንበር የሚያሻግረው እሱ ነው።

ጓንት ቅርጫቱን ገለበጠው። ስፌቱን በቢላ ተረተረ። ካርዷን አወጣና ስልክ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከኋላ ወንበር አንድ ሌላ ሰው አለ። ፊቱ አይታይም፤ በመስኮቱ የወጣ ክርን ብቻ ነው የሚታየው፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ክርን።

የሚሰሙት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ሆና ቀድታዋለች። «እናትና ልጅ ምንጩ ዳር ናቸው። ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው። ተለዋጩ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።» ክዳን ሁልጊዜ ይህን ይጠይቃል፦ የት ናቸው፣ ማን አለ፣ ማን ነገረሽ። ምላሱን ለመለየት ነው ይላል። እሷም አምናው በየሳምንቱ ትናገራለች።

ክው አለች።

ለወራት ምላሱን ስትፈልግ ከርማለች። ምላሱ እሷ ነበረች።

«አንበሳው አለ?» አለች ታላቂቱ እህት።

«አለ» አለችና ካሜራውን መለሰች።

ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷታል። ምናልባት የተገዛው ሽንኩርት ነጋዴው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ክዳን ምንም አያውቅም። ከዚህ ሰው ጋር አምስት ዓመት ሠርታለች። ልጇ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ የመጣው እሱ ነው። መፈተን አለባት። ጎብኚዎቹ ከኮረብታው ማዶ ቀጭኔ አይተው ሲንጫጩ እሷ ከመኪናው ኋላ ሄደችና ደወለች።

«ተናገሪ» አለ ክዳን።

«ዕቃው ደረሰዎት?»

«ገና ነው። እስኪመሽ ይደርሰኛል። ከተማ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ። ፈጠን በይ።»

«ቦታ ቀይረዋል። እናትና ልጅ ደረቁ ወንዝ ወርደዋል። ትልቁ ድንጋይ ሥር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ምንጩ ዳር ናቸው አላልሽም እንዴ?»

አላለችውም።

ያለችው ለካርዷ ነበር። ካርዷ ደግሞ ከተማ አልደረሰችም፤ ከኮረብታው ሥር፣ በጓንት ስልክ ውስጥ ነች።

«ከዚያ በኋላ ነው የተዛወሩት» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ጥሩ። አንቺ ካምፕ ቆዪ። ከጎብኚዎችሽ አትለዪ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ደረቁን ወንዝ የመረጠችው ማንም ስለማይደርስበት ነው። ሣር የለበት፣ ጥላ የለበት፣ ጎብኚ የለበት። ገዳዮቹ እዚያ ባዶ አሸዋ ይዘው ይያዛሉ። አውራሪሷና ሽማግሌው በሰላም ምንጩ ዳር ይውላሉ። ጥሩ ውሸት ነበር፤ ኮራችበት እንኳ።

ቀጥላ ለክፉ ቀን የተሰጣትን፣ በአምስት ዓመት አንዴም ደውላ የማታውቀውን ቁጥር ደወለች።

«ልብስ ስፌት ነው?»

«ነው።»

«ለማሳጠር የሰጠሁት ሱሪ ነበር።»

«በማን ስም?»

«በክዳን።»

ስልኩ እጅ ለወጠ። አሁን የምትናገረው ራሷ ዋናዋ ነች፤ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ክዳንም የሚፈራት ሴት።

«ስንጠብቅሽ ነበር» አለች ዋናዋ።

«ያውቁ ነበር?»

«እንጠረጥር ነበር። ማስረጃ አልነበረንም። ቦታ ስጪኝ።»

«ደረቁ ወንዝ። ግን ሰው ከየት ይደርሳል?»

«ሎጁ ውስጥ ያሉት ወፍ ተመልካቾች የኛ ናቸው።»

ወፍ ተመልካቾቹን አስታወሰች። ሙሉ ሳምንት ቁርስ ሲበሉ እንጂ አንዲት ወፍ ሲመለከቱ አላየችም። በልቧ ሰነፎች ብላቸው ነበር። እነሱ ሲጠብቁ የነበረው እሷን ነው። ክዳን እየሸጣት፣ ዋናዋ ደግሞ እንደ ወጥመድ ሥጋ አስቀምጣታለች። ደሟ ፈላ፤ ግን ጊዜው የቁጣ አልነበረም።

ጎብኚዎቹን ካምፕ አደረሰች። ታናሺቱ እህት አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ አንበሳውን ባላየውም» አለች። ሹፌሯ ፈገግ ብላ ተመለሰችና ወደ ውሃ ታንከሩ ነዳች።

ታንከሩ የጠባቂዎቹ መገናኛ ነው። የአውራሪሷ ቦታ የሚነገረው እዚያ ብቻ ነው፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ። በራዲዮ አይነገርም፤ ሌባ ይሰማዋል። በስልክም አይነገርም። ከእንስሳዋ ጋር ያለው ሰው ደግሞ ራዲዮውን ይዘጋል፤ ድምፁ ያስበረግጋታል። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባ ዝም ናቸው። ከጠባቂዎቹ ሌላ ቦታውን የሚነግሯት አንዲት ሰው ማንኪያ ነበረች። «ልጄ፣ እንግዶችሽን በቀኝ በኩል አምጪያቸው፣ ነፋሱ ወደኛ ነው» ይሏታል። እሷም «እሺ አባባ» ብላ ሄዳ ትቀዳዋለች።

ተለዋጩ ጠባቂ ታንከሩ ሥር ተቀምጦ ጫማውን እያራገፈ ነበር። ፊቱ ጠቁሯል።

«የቱ የተረገመ ነው በምንጩ በኩል በእኩለ ቀን መኪና የነዳው?» አለ ገና ሳትወርድ።

ሹፌሯ የመኪናውን በር እንደያዘች ቀረች።

«ምነው?»

«ለመቀየር ስሄድ ማንም የለም። ዱካውን አየሁት። ደንግጣ ግልገሏን ይዛ ወርዳለች። አባ ዝምም ተከትለዋታል።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትሄዳለች? ስትደነግጥ ሁልጊዜ ወደምትሄድበት ነዋ። ደረቁ ወንዝ።»

«ራዲዮ! ጥራቸው!»

«ከአውራሪሷ ጋር ራዲዮ ይዘጋል። አንቺ ደግሞ ይኼን አታውቂም?»

ያወጣችው ውሸት እውነት ሆኗል። ያደረገችውም እሷ ናት፤ በጎማዋና በሞተሯ ጩኸት። እውነተኛ ሹፌር ብትሆን ሞተር ብስክሌቱ ቢያመልጣት እንኳ በዚያ አታልፍም ነበር።

እየነዳች ዋናዋ ጋ ደወለች።

«ያስቁሙት! ሽማግሌው እዚያ ናቸው! እንስሳዋም!»

«ቡድኑ ቦታ ይዟል። ገዳዮቹ እየገቡ ነው። አሁን ብንነሳ ይበተናሉ፤ ክዳንም ይሰወራል።»

«ሰው ይሞታል እያልኩዎት ነው!»

«ቅርብ ነሽ አይደል? አንቺ አውጪያቸው።»

ስልኩ ተዘጋ።

መኪናውን ከጉብታው ጀርባ ጣለችውና በእግሯ ሮጠች። እሾህ ሸሚዟን ቀደደው። አሸዋው ወደኋላ ይጎትታታል። ጉብታውን ስትወጣ ወንዙ ከፊቷ ተዘረጋ፤ ነጭ፣ ባዶ፣ ዓይን የሚያጥበረብር።

አየቻቸው።

አባ ዝም ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀምጠዋል። አሮጌው ጠመንጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ከፊታቸው አውራሪሷ ውሃ ፍለጋ አሸዋውን በእግሯ ትቆፍራለች። ግልገሏ ከሆዷ ሥር ገብታ ጥላ ይዛለች። ሽማግሌው እንደ ልጅ ልጅ ያዩዋታል። ምንም አልጠረጠሩም።

ከትልቁ ድንጋይ በስተቀኝ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ።

አዲስ ቡትስ።

ከዚያም የጠመንጃ አፈሙዝ።

ለመድረስ አትችልም። መሣሪያ አልያዘችም። ያላት ድምፅዋ ብቻ ነበር።

«አባባ!» ብላ ጮኸች። «አባባ፣ ይተኙ! ይተኙ!»

አውራሪሷ አንገቷን ቀና አደረገች። አባ ዝምም ዞሩ። አዩዋት። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውራሪስ አጠገብ የጮኸባቸው ሰው የለም። ያውም እሷ፣ ያስተማሯት፣ ልጄ የሚሏት። ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ተኩሱ ተሰማ።

እናቲቱ አሸዋውን እያናወጠች ፈረጠጠች፤ ግልገሏ ከጎኗ። ሁለተኛው ጥይት ድንጋይ መታ። ከዚያ ከየድንጋዩ ሥር ወፍ ተመልካቾቹ ተነሡ። «መሣሪያህን ጣል! ተንበርከክ!» ባለቡትሱና ግብረ አበሮቹ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ሁሉም ነገር እንደታቀደው ሆነ።

ማንኪያ ከአሸዋው ላይ ሽማግሌውን አቅፋለች። ደረታቸው ላይ ሁለት እጇን ጭናለች። ደሙ ግን በጣቶቿ መሀል ይመጣል፤ ማቆም አልቻለችም።

«ግልገሏስ?» አሉ።

«አምልጣለች አባባ። ሁለቱም አምልጠዋል።»

«ጎሽ።» ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ ግራ እንደተጋቡ አዩዋት። «ምን ሆነሽ ነው የጮኽሽው ልጄ?»

አፏን ከፈተች። ሽማግሌው መልሱን እየጠበቁ ዓይናቸው ፈጦ ቀረ።

የቡድኑ መሪ ኋላዋ መጥቶ ቆመ። ከተኛበት ድንጋይ ሥር ሆኖ ግንዱን በደንብ ያይ እንደነበር ቦታው ይናገራል።

«የመጀመሪያው ጥይት እስኪተኮስ ጠብቁ ተብለን ነበር» አለ። «ለእንስሳዋ መስሎን ነው።»

ቀና ሳትል የሽማግሌውን ዓይኖች ከደነች።

ክዳንን የያዙት ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነው፤ ነጩ ፒካፕ ውስጥ፣ ከጓንት ጋር። ማንኪያ ስትደርስ ካቴና ገብቶለት መንገድ ዳር ተቀምጧል። ግራጫ ኮቱ አቧራ ነክቶታል። የቤት ቁጥሩን እንደረሳ ሰው አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ድልድዩን ያያል። ሲያያት ግን ተረጋጋ።

«ማንኪያ» አለ፣ ቢሮ እንደገባች ሁሉ።

«ሽማግሌው ሞተዋል።»

«ሰማሁ። ጥሩ ሰው ነበሩ ይላሉ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ቦታውን ማን ነገረኝ? ዛሬም፣ ከዚያ በፊትም። ሁሉም በድምፅሽ ነው ያለው። የእኔ ሥራ መስማት ብቻ ነበር።»

«አንተ…» አለች። አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። ጥርሷን ነክሳ ዞረችና ትታው ሄደች።

ዋናዋ በማግስቱ ጠዋት ራሷ መጣች። መኪናዋ ጥቁር መስታወት ያላት፣ ውስጧ የቀዘቀዘ ነች። ማንኪያን ከኋላ ወንበር አስቀመጠቻትና እንደ ሐኪም ለስለስ ብላ ተናገረች።

«ሥራሽን ጨርሰሻል። ጓንትን ለመያዝ ስንት ጊዜ እንደሞከርን ታውቂያለሽ።»

«ለልጃቸው ማን ይነግራታል?»

«ምኑን?»

«እውነቱን።»

«የመሥሪያ ቤታችን ሰው ሸጣቸው ብንል ከነገ ጀምሮ አንድም ጠባቂ አያናግረንም። በሌላ ፓርክ ያሉ ሰዎቻችንም ይጋለጣሉ።» ዋናዋ ጓንቷን እንደምታወልቅ ሁሉ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳበች። «ቦታውን የሸጠችው ሹፌሯ ነች ተብሏል። ትናንት ማታ ነው የተነገረው። ሹፌሯ ደግሞ የለችም። ስለዚህ ማንም አልተበደለም።»

«ልጃቸው ጓደኛዬ ነበረች» አለች ማንኪያ።

«የሹፌሯ ጓደኛ ነበረች» አለች ዋናዋ።

ከፓርኩ መውጫው በመንደሩ በኩል ነው። ዳሱ ባዶ ነበር፤ ቅርጫቶቹ እንደተቀመጡ ናቸው። ከሽማግሌው ቤት ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። መኪናዋ ስትቃረብ አንዲት ሴት ከመሀላቸው ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመች። ፀጉሯ ተበትኗል። ዓይኖቿ አብጠዋል።

ዋናዋ የፊቱን መስታወት ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«የመንግሥት ሰዎች ናችሁ?» አለች የሽማግሌው ልጅ፣ የቅርጫት ሠሪዎቹ ሰብሳቢ።

«ነን። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ያቺን ሴት ያዛችኋት?»

«እየፈለግናት ነው።»

ሴትየዋ ወደ ኋላው መስታወት ጠጋ አለች። ማንኪያ ከመስታወቱ ወዲህ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በመሀላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። ከውጭ ግን የሚታየው ጥቁረት ብቻ ነው።

«አባቴ ‹ልጄ› ነበር የሚላት» አለች። «ቤታችን ገብታ በልታለች። አታላ ለገንዘብ ብላ ከሆነ ገንዘቡን ትብላው፤ እኔ አልፈልገውም። ስታገኟት ግን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ።»

«ምን?»

«አባቴ ምን በደላት?»

ዋናዋ መስታወቱን ዘጋች። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ማንኪያ ዞራ አየች፤ ሴትየዋ ከመንገዱ ላይ አልተነሳችም ነበር።

«ምንም» አለች ማንኪያ ለመስታወቱ። «ምንም አልበደሉኝም።»

«ምን አልሽ?» አለች ዋናዋ ከፊት።

«ምንም።»

ወር ሳይሞላ በአንድ ሩቅ ከተማ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረች። ካርቶን ታነሳለች፣ ካርቶን ታወርዳለች። ስሟ ሌላ ነው፤ ፀጉሯ አጭር ነው። ሥራ ትችላለች፣ ሰዓት ታከብራለች፣ ሰው አትጠጋም። ምሳ ሰዓት ላይ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ስለ ባልና ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ እሷ ጥግ ይዛ ትሰማለች። አንድ ቀን አንዷ፣ ሳቅ የምታበዛው፣ ወንበሯን ወደሷ ሳበች።

«አንቺ ደግሞ ምነው አታወሪም? እዚህ ሳትመጪ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ቤት ነበርኩ» አለች።

«አባት እናት አሉሽ?»

አዲሷ ሠራተኛ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ለዚህ ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀላት መልስ ነበር፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ሴትየዋ እየጠበቀች ነው። ያን መልስ ተወችው።

«አባቴ ሞቷል» አለች። «በቅርቡ ነው።»